ራሱን ተመቶ

ኤልሳ ሱዳን ባለው የቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የዚያን ጠዋት ትምህርት «ሂም» እና «ሂምሰልፍ» ነበር። ሰውየው ሌላውን ከመታ «ሂም»፣ የገዛ ራሱን ከመታ «ሂምሰልፍ» ነው ብላ አስረድታ ሳትጨርስ፣ ፊሊጶስ የተባለ ተማሪ ጠየቃት።

«ራሱን ተመታ ስንልስ? ጭንቅላቱን ማለታችን አይደል?»

ኤልሳ ጠመኔውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ከሁለት ሳምንት በፊት የጎረቤቷን የእትዬ በለጠችን የጥገኝነት ማመልከቻ በእንግሊዝኛ የጻፈችው እሷ ነበረች። እትዬ በለጠች ባላቸው እንዴት እንደሞተ ሲናገሩ «ራሱን ተመቶ» ነበር ያሉት። ታጣቂዎች ደጃፉ ላይ አስቁመው ጭንቅላቱን በጥይት መትተውት ነው። ኤልሳ ግን በችኮላ «ሂምሰልፍ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ላይ ሰውየው በገዛ እጁ ሞቷል። ቃለ መጠይቁ ደግሞ ዛሬ ነው።

ተማሪዎቹን ትታ ወጣች። የራሽን ሰልፉን ሰንጥቃ ቃለ መጠይቁ ወደሚደረግበት ቢሮ ሮጠች። ቃላቸው ከወረቀታቸው ጋር አልገጥም ብሎ፣ ውሸታም ተብለው መዝገባቸው የተዘጋባቸውን ሰዎች ታውቃለች። በሩ ላይ አብዱልሰላም የሚባለው ዘበኛ «ወረጋ» ብሎ የመግቢያ ወረቀት ጠየቃት፤ የላትም። እትዬ በለጠች በእሷ ጥፋት ሊጎዱ መሆኑን በአረብኛ ነገረችው። ፊቷን አይቶ አሳለፋት።

እትዬ በለጠች የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው መርማሪው ፊት ተቀምጠዋል። አስተርጓሚው ባልዎ ለምን ራሱን አጠፋ ብሎ እየጠየቃቸው ነው።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለች ኤልሳ። «እሳቸው ያሉት ጭንቅላቱን ነው።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያትና ማን እንደላካት ጠየቃት። ቃል ልታስለውጥ የመጣች መሰለው። ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን መዝግቦ አስወጣት።

ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። ረዳኋቸው ወይስ ጭራሽ አበላሸሁባቸው? ከብዙ ቆይታ በኋላ እትዬ በለጠች ወጡ። መርማሪው ታሪኩን እንደ አዲስ አስነግሯቸዋል፤ ጥይቱ የገባበትን ቦታ ከጆሯቸው ጀርባ በጣታቸው አሳይተዋል። ምን እንዳሰበ ሳይነግራቸው ለሚቀጥለው ወር ቀጥሯቸዋል።

«እነሱ እስካሁን ባሌ ራሱን እንዳጠፋ ነበር የሚያውቁት?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

አልተቆጧትም። ከፌስታል ውስጥ የማመልከቻውን ቅጂ አውጥተው ሰጧት።

«ከላይ ጀምረሽ በአማርኛ አንብቢልኝ። አንድም ቃል ሳታስቀሪ።»

አራት ገጽ ነበር። ኤልሳ ሌላ ምን ተሳስቼ ጽፌ ይሆን እያለች ማንበብ ጀመረች።