ከመጋረጃው ጋር የተሰፉት እትዬ

«ከነገ ጀምሮ አልመጣም» አለ ጨርቅ ቆራጩ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

እነዚህን ሦስት ቃላት ከቤቱ እስከ ስፌት ቤቱ ሲለማመዳቸው ነው የመጣው። አብሮት ይኖር የነበረው ወንድሙ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደ ወዲህ ቤቱም ልቡም ባዶ ሆኖበታል። ሰው ሲያናግረው አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። የሚያምረው በሩን ዘግቶ መተኛት ብቻ ነው።

የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ የሰፈሩን አዳራሽ መጋረጃ እየሰፉ ነበር፤ ሜዳ የሚያክል ቀይ የከፋይ ጨርቅ። ቃሉን ሲሰሙ ደንግጠው ፔዳሉን ረገጡት፤ የስፌት መኪናው ጋለበ። ሊቆጡት ብድግ ሲሉ መጋረጃውም አብሯቸው ብድግ አለ። የቀሚሳቸውን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ከመጋረጃው ጋር ሰፍተውታል፤ ያውም በድርብ ስፌት።

«ምን ትገተራለህ? ፍታኝ እንጂ። የአዳራሹ ዘበኛ መጥቶ ከነነፍሴ ከመጋረጃው ጋር ይስቀለኝ?»

ቆራጩ ምላጭ ይዞ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«እራት ከማን ጋር ነው የምትበላው?» አሉት ከላይ።

«ከግድግዳው ጋር።»

«ምን ይልሃል?»

«ጨው በዛ ይለኛል።»

እትዬ ሳቅ አመለጣቸው። ቀሚሳቸው ሲንቀጠቀጥ ምላጩ መንገድ ሳተ።

«እትዬ፣ አይንቀሳቀሱ፤ ጉልበትዎን እቀደዋለሁ።»

«ቅደደው፤ ድሮም በልኬ አልተሰፋም።»

አሁን እሱም ሳቀ። ሳቁ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ አለ። ሊያቆመው ቢሞክር እምቢ አለው፤ ሆዱን ይዞ ከፋዩ ላይ ተንከባለለ።

«እስካሁን ሁለት ሳህን ነው የማወጣው» አለ፣ እንባውን እየጠረገ።

እትዬ ከጎኑ ከፋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ታዲያ አንዱን ይዘህ እኔ ቤት አትመጣም? እኔ ቤት ወንበር እንጂ ወሬ አይጎድልም።»

«እንዲህ ደብሮኝስ?»

«ደብሮህም ና። እኔም ሲደብረኝ አንተ ላይ ነው የምጮኸው፤ መቼ ቅር አለህ?»

ስለ ወንድሙ ነገራቸው፤ ስለ ዝምታውም፣ ጠዋት ጠዋት ጫማ ማሰር ስለሚከብደው ነገርም። እትዬ መሃል መሃል እየገቡ ይቀልዱበታል፤ እሱም ይመልስላቸዋል።

የአዳራሹ ዘበኛ በሩን ሲከፍት ቀይ ከፋይ ውስጥ ሁለት ራስ ብቻ ታየው።

«መጋረጃው አልደረሰም?»

«ገና ነው» አሉ እትዬ። «እየፈታኝ ነው።»

ስፌቱ ከተፈታ ቆይቷል። ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አልተነሡም።

«ነገ ጠዋት ይምጡ» አለው ቆራጩ ዘበኛውን። «በሩን እኔ ነኝ የምከፍትልዎት።»