ሳይላላ የቀረው ሰንሰለት

ባሌ ታይስቶ የሞተር መጋዝ ከገዛ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። እኔንም አላስነካኝም።

ቅዳሜ አሟሸው። ሞተሩን ላለማስጨነቅ ቀጫጭን ግንድ ብቻ ቆረጠ፣ ዘይቱንም ቶሎ ቶሎ አየ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። አዲሱ ሰንሰለት ሲግል ረዝሞ ተንዘላዘለ። በዚህ መሀል የእንፋሎት መታጠቢያችን፣ ሳውናው፣ ሞቆ ነበር፤ ቅዳሜ ሳውና የሚያስጠብቅ ፊንላንዳዊ ደግሞ አልተወለደም። ሰንሰለቱን እንደጋለ ጥርቅም አድርጎ አጠበቀና መጋዙን በረንዳ ላይ ጥሎ ሮጠ።

በእንፋሎት ቀልቶ፣ ፎጣ አገልድሞ ሲወጣ ጎረቤታችን አርቪ መጋዙን ሊያይ በረዶው ላይ ቆሟል። አርቪ ሰላምታ እንኳ የሚቆጥብ ሰው ነው። ታይስቶ ጓንት አጥልቆ ሰንሰለቱን ሊያዞርለት ቢታገል፣ ሰንሰለቱ ንቅንቅ አልል አለ።

“የተበላሸ ነው የሸጡልኝ” አለ። “ሰኞ ሄጄ አፋጥጣቸዋለሁ።”

እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። “ማንን ነው የምታፋጥጠው? ብረት ሲግል ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። አንተ ከሥራ ስትመለስ ቀበቶህን ፈተህ ትንፈላሰሳለህ፤ እሱን ግን ከነላቡ ጠፍረህ ለውርጭ ሰጠኸው።”

የሰንሰለቱን ማጥበቂያ ብሎን ትንሽ አላላሁት። ሰንሰለቱ እየተንሸራተተ ዞረ።

ታይስቶ መልስ ሊሰጠኝ ሁለት እጁን ቢያነሳ፣ ፎጣው ተፈትቶ በረዶው ላይ ወደቀ።

አርቪ ቁልቁል አየና ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

“እሱን ነበር ማጥበቅ” አለ።