የዘንባባዋ ዋስ

በበረሃዋ ከተማ ነፍታ ውስጥ ፍሬ የነፈገችን ዘንባባ በመጥረቢያ ያስፈራሯታል። ደንቡ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ መጥረቢያ አንስቶ «ዛሬስ እቆርጣታለሁ» ይላል፤ ሌላው እጁን ይዞ «ዘንድሮን ተዋት፣ ዋሷ እኔ ነኝ» ይላል። ዛፏም ሰምታ ትደነግጣለች፣ ታፈራለች። ባታፈራም ዋሱን የሚከስ የለም።

ትጃኒ ሟች ሚስቱ ምብሩካ የተከለቻትን ዘንባባ ሦስት ዓመት አከታትሎ አስፈራርቷል። ሦስቱንም ዓመት ዋስ የሆነው የምብሩካ ወንድም ላዝሃር ነው። ሲዋስ ዓይኑ ዕንባ ስለሚያቀርር ሰው እሱን ለማየት ይመጣ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ የማስፈራሪያው ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አማቾቹ በውሃ ተራ ተጣሉ። ላዝሃር የትጃኒን ተራ ግማሽ ቀን ወደ ራሱ ማሳ ጠልፎ ተገኘ። ትጃኒ በሰው ፊት ሌባ አለው። ላዝሃርም፣ ያቺ ዛፍህ ቆማ የሞተች ናት፣ ጠጥታስ ምን ልትሠራ ነው አለ። እውነትም ቅጠሏ ቢጫ ነበር። የእርጅና ይሁን የጥም፣ ወጥቶ ያየ የለም።

ቀኑ ደረሰና ጎረቤት ተሰበሰበ። ትጃኒ መጥረቢያውን አነሳ።

«ዛሬስ እቆርጣታለሁ» አለ። ጠበቀ።

ላዝሃር ጫማውን ያያል። ሌላ ሰው እንዳይገባ የሰው ዋስነት መንጠቅ ነውር ነው። አንድ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። የትጃኒ ክንድ ዛለ።

በሰው ፊት የተነሳ መጥረቢያ ደግሞ እንዲሁ አይወርድም። ትጃኒ ዕድሜውን ሙሉ ያረጁ ዘንባባዎችን አናት እየበጣ ጣፋጩን ውሃ፣ ላግሚውን፣ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው፤ አናቷ ውስጥ ያለውን ልብ መንካት ዛፏን እንደሚገድል ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ከሞተች የቀራትን ትስጠን ብሎ ዛፏ ላይ ወጣ። በንዴት ቆረጠ፤ ልቧ ድረስ ገባ። ማሰሮ አስሮ ወረደ።

የምትሞት ዛፍ በቀን አንድ ስኒ ብትሰጥ ነው። በነጋታው ማሰሮው ሞልቶ በግንዱ ይወርድ ነበር። ጎረቤቶች ኩባያ ይዘው መጡ፤ እንኳን ደስ ያለህ አሉት፤ እንዲህ ያለ ላግሚ ከቀመሱ ስንት ዘመናቸው። ትጃኒ አልቀመሰም። ይህን ያህል ውሃ ከሥር እስከ አናት የምትስብ ዛፍ ቢጫ የሆነችው ጠምቷት እንጂ አርጅታ አልነበረም።

ላዝሃር ከሁሉም ኋላ መጣ። ጨልጦ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

«ይጣፍጣል» አለ።

«ትናንት አፍህን ምን ዘጋው?»

«የሌባ ዋስ ማን ይቀበላል ብዬ።»

ከዚያ ግንዱን ተደገፈ። «ዘንድሮን ተዋት» አለ ቀስ ብሎ፤ «ዋሷ እኔ ነኝ።» ዓይኑ ዕንባ አላቀረረም።

ትጃኒ ሌላ ማሰሮ ይዞ ወጣ። ማሰሮው እስከ አርባ ቀን ሞላ። አናቷ መሄዱን ለሥሮቿ መርዶ የነገራቸው ስላልነበረ፣ ያገኙትን ሁሉ ከመሬት እየሳቡ ወደ ላይ ይልኩላት ነበር።