ከጉረኖ የተገኘ ስም

ኤድዊን ዊንተርፎልድ ዕድሜውን ሙሉ በዮርክሻየር ኮረብቶች ላይ የድንጋይ ካብ ሲክብ የኖረ ሰው ነው። ወንድም የለው፣ ወንድ ልጅ የለው፤ የቤተሰቡ ስም ከእሱ ጋር መቃብር እንደሚወርድ ካመነ ቆይቷል። አንድ ቀን ልጁ ሄስተር የሰባት ወር ሆዷን ይዛ መጣችና፣

«አባዬ፣ ሕፃኑ በአንተ የቤተሰብ ስም ቢጠራ ባሌ ኮሊን ቅር አይለውም። ግን ስሙ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ለልጄ አላወርስም» አለችው።

«ከባላባት ነዋ!» አለ፣ ከገበያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ባለ አንበሳ የቤተሰብ ዓርማ ጋሻ እያሳየ።

«እሱንማ ሻጩ ለጎረቤትህም ሸጦለታል። አንበሳው ያው ነው!»

በማግሥቱ ወደ ደብሩ ሄደ። የአሮጌውን የጥምቀት መዝገብ ቅጂ የምትጠብቀው አብሮ አደጉ አግነስ ናት።

«ግባ የኔ ባላባት! ፈረስህን የት አሰርከው?» ብላ ሳቀችበት። መነጽሯን አድርጋ ከአባቱ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ እያለች ወደ ኋላ ገለጠች። 1743 ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ።

«ኤድዊን፣ ቁጭ በል።»

«ቆሜ እሰማለሁ። አንብቢው።»

«‹በጥር ወር እረኛው ኤቤል፣ ዊንተርፎልድ በሚባለው የበረዶ ወራት ጉረኖ፣ ከበጎቹ መሃል ወንድ ሕፃን አገኘ። ቶማስ ተብሎ ተጠመቀ። ወላጁ ላልታወቀ ሕፃን እንደሚደረገው፣ የተገኘበት ቦታ የቤተሰብ ስም ሆነለት።›»

ኤድዊን ቆቡን ጨመደደው። «ለካ የተጣለ ልጅ ዘር ነኝ። ሄስተርን ምን ብዬ ልንገራት?»

«አልጨረስኩም እኮ! ቄሱ ዳር ላይ ጽፈዋል። ‹ሕፃኑ በሱፍ ተጠቅልሎ ይሞቀው ነበር። ከጉረኖው ካብ ጀርባ በረዶው በሰው እግር ተደልድሏል። በረዶ እየጣለ ሳለ፣ እናቲቱ የሄደችበት ዱካ ገና አልተሸፈነም ነበር።›»

ያን ጊዜ ተቀመጠ። በካብ ሥር ለበጎች መሹለኪያ ይተዋል፤ እሱ ራሱ ስንቱን ሠርቷል። እዚያ ተንበርክኮ ያየ ሰው ጉረኖውን ሙሉ ያያል።

«በመሹለኪያው ስታየው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እረኛው እስኪያነሳው አልሄደችም።»

«አልሄደችም» አለች አግነስ።

ማታ ለሄስተር ምንም ሳይደብቅ ነገራት። ዓይኗን ማየት ፈርቶ፣ አቀርቅሮ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር የሚያወራው።

«በዚያ ብርድ ስንት ሰዓት ቆመች?» አለችው።

«መዝገቡ አይልም። በረዶው ተደልድሏል ነው የሚለው።»

ሄስተር ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። አፍንጫዋን ጠረገች።

«ቶማስ አንለውም። ኮሊን፣ ቶማስ የሚባል ነዝናዛ አጎት አለው። ዊንተርፎልድ ግን ይሁን።»

«ሴት ብትሆንስ?» አለ ኤድዊን።

«ሴት ከሆነችማ ይበልጡን!»