ቀመሪያ የዳረችው ባል

ቀመሪያ ባሏን የዳረችው በገዛ እጇ ነው። ማንም ጎትጉቷት አይደለም፤ ሙዘሚልም አንድ ቀን እንኳ የልጅ ነገር አንስቶባት አያውቅም። ቀይ ሽብር ሲፋፋም አብረው ድንበር ተሻግረው፣ ኢስትሊ በሚባል የኬንያ የስደተኞች ሰፈር ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተነስተው የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ባልና ሚስት ነበሩ። ግን የጎረቤት ሕፃን ሲያቅፍ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ናፍቆት ታያለች። ሕፃኑን ለእናቱ መልሶ፣ ያለ ምክንያት ከቤት ይወጣል።

የእሷ ነገር ከኮረዳነቷ ጀምሮ የተዛባ ነበር። የወር አበባዋ ለወራት ይጠፋና ሲመጣ እንደ ጎርፍ ነው። አገጯ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ ሙዘሚል ሳይነቃ በወረንጦ ትነቅለዋለች። ምግብ ብትቀንስም ሰውነቷ አይቀንስም። «አላህ ሲፈጥረኝ ግማሽ ወንድ አድርጎኛል» ብላ ለራሷ ደመደመች። እንዲህ ያለው ነገር ለማን ይነገራል?

አንድ ቀን ዕቃ ለማምጣት ድንበሩ ላይ ወዳለችው ሞያሌ ወርዳ፣ የአንድ ደንበኛቸውን ልጅ ኩለሱምን አየቻት። ረጋ ያለች፣ ጨዋ ልጅ ነች። ለባሏ አጨቻት።

«አብደሻል እንዴ?» አላት ሙዘሚል።

አለቀሰች፤ ለመነችው፤ እምቢ ቢላት ጥላው እንደምትሄድ ማለች። በመጨረሻ እሺ አለ። ለሙሽራዋ ሂና የቀባችው ራሷ ቀመሪያ ነበረች። ኩለሱም ኑሮዋን እዚያው ሞያሌ አደረገች፤ ሙዘሚልም በሁለቱ ቤት መካከል ይመላለስ ጀመር።

ከኒካው ጥቂት ወራት በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ ሱቅ ውስጥ ወደቀች። ጎረቤቷ መስቱራ ታክሲ ጠርታ ኪሊማኒ ሰፈር ወዳለ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እዚያ ዘመናይ የምትባል ኢትዮጵያዊት ሐኪም ነበረች። ዶክተር ዘመናይ «መካን ነኝ» ስትላት ሰምታ፣ በአልትራሳውንድ ካየቻት በኋላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መካን ነሽ ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ።»

«መካን አይደለሽም፣ እህቴ። በየወሩ አንድ እንቁላል በስሎ መውጣት ነበረበት። ያንቺ ሳይበስል እየቀረ፣ እንቁላል ማፍሪያሽ ላይ ትንንሽ ከረጢት ሆኖ ተደርድሯል። ፀጉሩም፣ የወር አበባው መዛባትም፣ ውፍረቱም ከዚሁ ከሆርሞን መዛባት ጋር የተያያዘ ነው። ስንት ሴት አለባት መሰለሽ! እንቁላሉ እንዲወጣ የሚያግዝ ክኒን አለ። ለሁሉም ይሠራል አልልሽም፤ ብዙዎች ግን ወልደውበታል።»

«አምና ብመጣስ ኖሮ?»

ሐኪሟ አቀረቀረች። «ክኒኑ አምናም ነበረ» አለች ቀስ ብላ።

ቤቷ ስትደርስ ሙዘሚል ከሞያሌ ተመልሶ ጠበቃት። ኩለሱም አርግዛለች። ደስታውን ከእሷ ሊደብቅ ሲታገል ስታየው፣ ከወሬው ይልቅ መደበቁ አንጀቷን በላው። እሷም የሰማችውን ነገረችው።

ሙዘሚል የጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም? ፀጉሩንም እኮ አውቃለሁ። ነቅለሽ እስክትጨርሺ ብዬ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ነበር የምተኛው።»

ያኔ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

ክኒኑን ጀመረች። ነገር ግን ሐኪሟ «አብራችሁ ሁኑ» ያለቻት ቀናት ሲደርሱ ሙዘሚል ሞያሌ ነው፤ ወይ ዝናብ መንገዱን ቆርጦታል፣ ወይ ኩለሱም ታማለች። የወር አበባዋ ተስተካክሎ በየወሩ መምጣት ጀመረ፤ በመጣ ቁጥርም ቀመሪያ ኀዘን ትቀመጥ ነበር። ኩለሱም ሴት ልጅ ወለደች።

«ሞያሌ ነይና አብረን እንኑር» አላት ሙዘሚል። «ልጅቷ ያንቺም ልጅ ናት።»

«ኩለሱም አልበደለችኝም። የመረጥኳት እኔ ነኝ። ግን እዚያ ተቀምጬ ስታጠባት ማየት አልችልም። ፍታኝ፣ ሙዘሚል።»

ብዙ ለመናት። ሽማግሌዎችም ለመኗት። በመጨረሻ ሸሁ ፊት ቀርቦ የፍቺውን ቃል ሲናገር ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ቀመሪያ አላለቀሰችም። ሱቁን ለእሷ ትቶላት በማግስቱ ሞያሌ ወረደ፤ እሷም የተሳፈረበት ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ አቧራ እስኪጠፋ ቆማ አየችው።