ቀዩን አደራ

ልብስ ሰፊዋና የሟች ወንድሟ ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ በቅጡ ከተነጋገሩ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። አሽሙር ግን ይወራወራሉ። የወንድሟ ሚስት ነርስ ናት፤ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ለግድግዳው፣ «አንዳንድ ሰው መርፌውን የሚበትነው የሰው እግር ሊወጋ ነው» ትላለች። ልብስ ሰፊዋም የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ለመቀሷ፣ «አንዳንዱ ደግሞ በሽተኛ ላይ መጮህ ለምዶ ቤቱንም ሆስፒታል ያደርገዋል» ትላለች። የኩሽናው መደርደሪያ በተወጠረ ክር ለሁለት ተከፍሏል። ክሩን የወጠረችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቋጠሮውን ያጠበቀችው ነርሷ።

ሳይከፈል የቀረው ግቢው ውስጥ ያለው ሜፕል የሚባል ዛፍ ብቻ ነበር። ወንድሟ «ቀዩ» ነበር የሚለው። ከሰው ትከሻ የማይበልጥ የጌጥ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ሕፃን መዳፍ ጣት ጣት ያወጣ፣ ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ደም የሚመስል። ወንድሟ ለራሱ ጃንጥላ ሳይኖረው ለቀዩ ከቀትር ፀሐይ የሚከልል የሸራ ጥላ ሠራለት። ሥሩ እንዳይግልም ዙሪያውን የእንጨት ፍቅፋቂ አለበሰው። ሆስፒታል ተኝቶ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው የእህቱን እጅ ይዞ፣ «ቀዩን አደራ» አላት። ስለ ቤቱም ስለ ሚስቱም አላነሳም። ልብስ ሰፊዋ ያቺን ቃል እንደ ወርቅ ሀብል በልብሷ ውስጥ ይዛት ትዞራለች።

ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት፣ ነርሷ ሥራ ላይ ስትሆን፣ ለቀዩ አንድ ባልዲ ውሃ ታጠጣለች።

በዚያ ሰሞን የቅጠሎቹ ጠርዝ በጋለ ካውያ እንደተቃጠለ ጨርቅ ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ። «ጠምቶታል» ብላ ባልዲውን ሁለት አደረገችው። ባሰበት። ፍቅፋቂውን በእጇ ብትዳስሰው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?

አንድ ቀን ከልማዷ ውጪ በጠዋት ነቃችና በመስኮት ስታይ፣ ነርሷ ከቀዩ ሥር ቀና ብላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ግራ ቀኙን ስታማትር አየቻት። «መርዛዋለች» አለች በልቧ። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው መርዝ አያጣም።

ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ፊት ለፊት ተናገረቻት።

«ምንድን ነው የምትጨምሪበት?»

«ምኑ ላይ?»

«አታድርቂኝ! ቀዩ ላይ። ከሆስፒታል የምታመጪው ምንድን ነው?»

ነርሷ ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «እኔ ልጠይቅሽ እንጂ። የጨርቅ ማቅለሚያሽን የት ነው የምትደፊው?»

«እኔ? የወንድሜን ዛፍ?»

«የባሌን ዛፍ።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ። ብነቀንቅም የራሴን ነው።»

ዛፉን የሸጠው ሽማግሌ ችግኝ ሻጭ ይምጣና ይመስክር ተባለ። ሁለቱም በየፊናቸው ደወሉለት። ሽማግሌው ሁለቴ ተጠርቶ አንዴ መጣ፤ አካፋውን ተደግፎ አንዷን ካንዷ እያየ ቆየና ተንበረከከ። ፍቅፋቂውን ገለል አድርጎ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። ጣቱን አሸተተው።

«ማን ነው የሚያጠጣው?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።



«መቼ መቼ?»

«በጠዋት» አለች ነርሷ፤ «እሷ ሳትነሳ።»

«ከሰዓት» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «እሷ ሳትኖር። ሁለት ባልዲ።»

«እኔም ሁለት። መድረቅ ሲጀምር ጊዜ ጨመርኩለት።»

ሽማግሌው በአካፋው ሥሩን ገለጠው። ጠቁሮ ላሽቋል፤ እንደ ረግረግ ይሸታል። አንዱን ሥር በሁለት ጣቱ ሲስበው ልጡ እንደ ካልሲ ወለቀ።

«ይሄን ዛፍ ማንም አልመረዘውም፤ ሰምጦ ነው» አለ። «ሥሩ ሲታፈን ውሃ ወደ ላይ አያወጣም፣ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። ፍቅፋቂው ከላይ ደርቆ ያታልላል። ለመሆኑ፣ ‹ዛሬ አጠጥቻለሁ› ብትባባሉ ምላሳችሁ ይረግፍ ነበር?»

«እሷ ምን አግብቷት ነው የምታጠጣው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አደራውን የሰጠው ለእኔ ነው!»

ነርሷ ሳቀች፤ የሚያስጠላ ሳቅ ነው። «ላንቺ? ምን ብሎ?»

«‹ቀዩን አደራ› ብሎ። እጄን ይዞ።»

«የእኔንም ይዟል። በዚያው ቀን፣ አንቺ ፎጣ ልታመጪ ስትወጪ።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ፎጣውን ያስመጣት ማን እንደሆነ አስታወሰች። ራሱ ነበር። «ሂጂ፣ ወፍራሙን» ብሎ። ሰባት ወር ይዛው የዞረችው ወርቅ አንገቷ ላይ ነሐስ ሆነባት።

«ውሸታም» አለች።

«እሱን ነው እኔን?»

«ሁለታችሁንም!»

ሽማግሌው እንዳልሰማ ሆኖ የበሰበሰውን ሥር ቆረጠ፤ ደረቅ አሸዋ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሎ ቀዩን ከፍ ባለ ጉብታ ላይ መልሶ ተከለው።

«ይተርፋል፣ አባቴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ሳታስበው ቀጠነ።

«ግማሽ ሥር ቀርቶለታል። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብታ ደረቅ ካላገኘች ጠብታ እንዳያገኘው። አጠጪዋም አንድ ትሁን።»

«እኔ» አሉ ሁለቱም።

«እንግዲያው መሞቻውን ጠብቁ» ብሎ አካፋውን ተሸክሞ ወጣ።

ሦስት ቀን ሙሉ ተጠባበቁ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ጎትታ መስኮቱ ሥር አመጣችው። ነርሷ ሁለቱንም ባልዲዎች ወስዳ ክፍሏ ውስጥ ቆለፈችባቸው። በአራተኛው ቀን ነርሷ ወደ ሥራ ስትወጣ ከቀዩ አጠገብ ቆመች፤ ልብስ ሰፊዋም መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ እየሮጠች ደረሰች።

ነርሷ ጎንበስ ብላ ጣቷን አስገባች። «እርጥብ ነው።»

«ያንቺን ጣት ማን ያምናል?»

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የራሷን ጣት እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ከተተች። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር።

«እህስ?» አለች ነርሷ።

«እርጥብ ነው» አለች በግዷ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በጠዋት። ተኝተሽ ካገኘሁሽ ብቻዬን ነው የምለካው።»

«ሞክሪያታ!»