አማቴ ያቀፉት ብረት

አማቴ ወይዘሮ ገበያነሽ ከታች ጋይንት ጀርመን ድረስ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ ሥራ መፍታቱ ነበር የከበዳቸው። ልብሱን ማሽን ያጥባል፣ ዕቃውን ማሽን ያጥባል። «እንደ ሙሽራ ልታስቀምጡኝ ነው ያመጣችሁኝ?» ይሉኝ ነበር።

ባለቤቴ ፈንታሁን ይህን አይቶ በመስከረም አንድ ቅዳሜ ድንች ልንቆፍር ወሰደን። ወደ ፖላንድ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰው ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ ለቅሞ፣ መውጫው ላይ አስመዝኖ የሚወስድበት እርሻ አለ። ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መጥቷል። አማቴ ማሳውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አፈሩን በእጃቸው ዘገኑና አሸተቱት።

«እንዲህ ያለ መሬት ይዘው ነው ሰው መጥቶ ይቆፍርልን የሚሉት?» አሉ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡና ዶማውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ።

እኔና ልጄ ህይወት አንድ ባልዲ ሳንሞላ እሳቸው ሁለተኛውን ጆንያ ጀምረው ነበር። ድንቹ እዚህ ደቃቅ ነው ብለው ወደ ጫካው ዳር ራቁ። ፈንታሁን እየሳቀ «ተያት፣ ዛሬ ነው አገሯ የገባችው» አለኝ።

ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል አማቴ ወደ እኛ እየመጡ ነው። አንድ ነገር በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል። ጭቃ የለበሰ፣ ክንድ የሚያህል፣ ወፈር ብሎ ጫፉ የሾለ ነገር። እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አስደግፈውታል።

«ርብቃ! ብረት አገኘሁ! ስንት ማረሻ ይወጣዋል መሰለሽ!»

የውሃ ቧንቧ መሰለኝ። እየሳቅሁ ወደ ፈንታሁን ዞር አልሁ። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

ፈንታሁን ጦርነቱ ጋይንት በገባ ጊዜ ንፋስ መውጫ ነርስ ነበር። እኔ ህይወትን አዝዬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ እናቴ ዘንድ ነበርሁ። በዚያ ሰሞን ፈንጂ ያቆሰላቸውን ልጆች እንዳከመ አውቃለሁ፤ ስለነሱ ግን አውርቶኝ አያውቅም።

«ርብቃ» አለኝ በቀስታ። «ልጅቷን ያዢና ወደ መኪናው ሂጂ። እንዳትሮጪ።»

«ምንድን ነው?»

«የመድፍ ጥይት ነው።»

የህይወትን እጅ ያዝሁ። ከኋላዬ ድምፁን እሰማለሁ።

«እማዬ፣ እዚያው ቁሚ።»

«ምነው ልጄ?»

«እንዳትንቀሳቀሺ፣ በማርያም።»

«ኧረ ከብዶኛል! ልጣለውና—»

«አትጣዪው!»

ዞር አልሁ። ፈንታሁን የደነበረ በቅሎ እንደሚጠጋ ሰው እጆቹን ዘርግቶ ወደ እናቱ ይሄዳል። ደረሰና እጆቹን ከእጆቻቸው ሥር አስገባ። ሁለቱም አብረው ተንበረከኩ፤ ብረቱን ለስላሳ አፈር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ እየደገፈ አመጣቸው።

አማቴ መኪናው ጋ ሲደርሱ ተቆጥተዋል። «በሰው ፊት ምን አጠፋሁ? ሌባ አደረግኸኝ እኮ!» ፈንታሁን ከመኪናው ጀርባ ሄዶ አስታወከ።

«ቦምብ ነው እማዬ» አልኋቸው እኔ። «የጦርነት ነው።»

«የምን ጦርነት? እዚህ አገር?»

«የድሮ ነው። ሰማንያ ዓመት ሆኖታል። ይህ ሁሉ ሜዳ ውጊያ የተካሄደበት ነው።»

አማቴ ድንች የሚለቅሙትን ልጆች አዩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ወደ ታች አዩ፤ ደረታቸው ላይ የዝገቱ ቀለም ቀርቷል።

«እነዚህም እንደኛ ተላልቀዋል?» አሉ።

የእርሻው ባለቤት ፖሊስ ጠራች፤ ሰዉ ከማሳው ወጣ። ሴትዮዋ አለመደንገጧ እኔን አስደነገጠኝ። «በየጊዜው አንድ አንድ ይወጣል» አለች፣ ስለ ድንጋይ እንደምታወራ። ባለሙያዎቹ መጥተው ሲያዩት፣ ፈንጂውን ማንሳት አደገኛ ስለሆነ እዚያው መፈንዳት አለበት አሉ። ሁላችንንም ርቀን እንድንቆም አደረጉ። ሲፈነዳ መሬቱ ከእግራችን ሥር ዘለለ። ህይወት ጮኸች። ከጫካው ወፎች በአንድ ጊዜ ተነሱ፤ ቆይቶም አፈር እንደ በረዶ ቅጠሉ ላይ ሲወርድ ይሰማ ነበር።

አማቴ አላማተቡም፣ አላለቀሱም። የልጃቸውን እጅጌ ጎተቱ።

«ፈንታሁን፣ እንዲህ ያለው እኛም ቤት አለ።»

«ምን አልሽ?»

«ስማቸው ሲያርስ ያገኘው። የበረቱን በር ያስደግፍበታል። ልጆቹ ይቀመጡበታል። ዛሬ ይህን ሳይ፣ ያው ብረት ነው ብዬ እኮ ነው ያነሳሁት።»

ስማቸው የፈንታሁን ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ያርሳል። መኪናው ውስጥ ገብተን ፈንታሁን ደወለ። ኔትወርክ የለም። ደገመ። ስልኩን እኔ ተቀበልሁት። ደጋግሜ ስሞክር፣ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ጠራ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ደህና ዋላችሁ? እማዬ ደህና ናት?» አለ ስማቸው።

«ስማቸው፣ የበረቱ በር ላይ ያለው ብረት—» አለ ፈንታሁን።

«አለ። ምነው? ትናንት እንኳ ዶማውን አስደግፌ ስቀጠቅጥበት ዋልሁ።»

አማቴ ስልኩን ነጠቁኝ።

«ስማቸው፣ የወለድሁህ እኔ ነኝ፣ ስማኝ። ፈንጂ ነው። ልጆችህን ይዘህ ከግቢው ውጣ። በበረቱ በር እንዳታልፍ።»

«ላሚቱስ? ጥጃዋም ውስጥ ናት።»

«ተዋት!» ብሎ ጮኸ ፈንታሁን። ስልኩ ተዘጋ።

ስማቸው እስኪደውል የጠበቅንበትን ጊዜ ለመናገር አልችልም። ከመኪናው አልወረድንም። አማቴ «አንተ እያለህ፣ አንተ እያለህ» ይላሉ በሹክሹክታ። በኋላ ደወለ። ልጆቹን ጎረቤት ካስገባ በኋላ ተመልሶ የበረቱን የኋላ ግድግዳ ያለ ምሳር፣ በእጁ፣ እንጨት በእንጨት ነቅሎ ላሚቱንና ጥጃዋን አውጥቷል። ፈንታሁን ሰደበው፤ ሲሰድበው ደግሞ ያለቅስ ነበር።

በማግስቱ ደጁን በእሾህ አጠሩት፤ ለቀበሌም ተነገረ። ባለሙያ ይላካል ተባለ፣ ውጊያው በርዶ መንገዱ ለመንግሥት መኪና ሲከፈት። አማቴ «የልጅ ልጆቼን ቆሜ ልጠብቅ» ብለው ጉዟቸውን አሳጥረው ተመለሱ።

ባለፈው እሑድ ስንደውልላቸው ፈንታሁን «መጥተው አነሱት?» ብሎ ጠየቀ።

«አልመጡም ልጄ» አሉ። «የሚረግጠው ስለሌለ ደጁን ሣር ውጦታል። ለማያውቅ ሰው ምንም ያለበት አይመስልም።»